አንድ ቁጥር በሦስት ስም፦ «የናሙና መጠን» በሚለው ስያሜ ላይ የቀረበ ሂስ

የሙያ ቃላት ብቃት ብዙውን ጊዜ የሚመዘነው በቃላት ዝርዝር ላይ ነው። የባዕዱ ቃል በግራ፣ የአማርኛው አቻ በቀኝ ይሰፍራል፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ሲታዩ የተስማሙ ከመሰሉ ሥራው እንደ ተፈጸመ ይቆጠራል። ነገር ግን የአንድ ስያሜ እውነተኛ ፈተና የሚመጣው ከዝርዝሩ ከወጣ በኋላ ነው። የተበላሸ ነገር ከፊቱ ያስቀመጠ ሰው፣ መመሪያ ከፍቶ «ይህን አስተካክል» የሚለውን ዐረፍተ ነገር ሲያነብ፣ ቃሉ ወደ ትክክለኛው ቦታ ይመራዋል ወይስ ያስተዋል? የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ጥያቄ በአንድ ምሳሌ መመርመር ነው። ምሳሌው ከላፕቶፕ ጋር በዩኤስቢ የሚገናኝ የድምፅ መለወጫ፣ ጉዳዩም በአማርኛ መመሪያዎች ውስጥ አንዴ «የናሙና መጠን»፣ አንዴ «የናሙና ፍጥነት»፣ አንዴም «ድግግሞሽ» እየተባለ የሚጠራው ቁጥር ነው።

1. የችግሩ ታሪክ

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ገርጂ በሚገኘው መኖሪያ ቤቱ ጥቂት አሮጌ ካሴቶችን ወደ ኮምፒውተር በማዛወር ላይ ነበር። ካሴቶቹ በ1980ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ የተቀረጹ ሲሆኑ፣ አንድ አዛውንት ገበሬ የእርሻ መሣሪያ ስሞችን፦ ሞፈር፣ ቀንበር፣ ድግር፣ ወገል፣ እርፍ፣ ምራን እያሉ የእያንዳንዱን አሠራር የሚያስረዱባቸው ናቸው። አቅራቢው ያን ጊዜ ተማሪ ነበር፤ ማይክራፎኑንም የያዘው እርሱ ነበር። ገበሬው ዛሬ በሕይወት የሉም። ስለ ሆነም ካሴቶቹ የሚተካቸው የለም።

ካሴት ማዛወር ማይክራፎን ስለማይጠይቅ በቦሌ ሰማይ የሚያልፉ አውሮፕላኖች ሥራውን አያውኩትም፤ የተዛወረውን በጥንቃቄ ማዳመጥ ግን በሌሊት የሚከናወን ሥራ ነው። የመጀመሪያው ካሴት ተዛውሮ በአንድ ሌሊት ሲደመጥ፣ ንግግሩ ጥርት ያለ ሆኖ ሳለ ድምፁ የሰውዬው አልነበረም። አዛውንቱ ቀጭን ድምፅ ነበራቸው፤ ከላፕቶፑ የወጣው ግን ወፍራምና የሚጎተት ነበር። በእጅ ሰዓት ተይዞ የነበረው ማስታወሻ ሲታይ፣ ካሴቱ በማጫወቻው የፈጀው 29 ደቂቃ ከ24 ሰከንድ ነው። በኮምፒውተሩ ውስጥ የተቀመጠው ቅጂ ደግሞ ልክ 32 ደቂቃ ይላል።

በሥራው የሚያግዘው ወጣት ተመራማሪ አንድ የአማርኛ መመሪያ ይዞ ነበር። መመሪያው የድምፅ ቅጂ ፍጥነቱ ሲዛባ «የናሙና መጠኑን አስተካክል» ይላል። ወጣቱ የመለወጫውን ማስተካከያ ገጽ ከፍቶ «መጠን» ሊባል የሚችል ነገር ፈለገ። ያገኘው 16 እና 24 የሚሉ ሁለት ምርጫዎችን ነበር። 24 የነበረውን 16 አደረገው፤ ሁለተኛውንም ካሴት በዚሁ አዛወረው። ሁለተኛው ካሴት ከተዛወረ በኋላ የማግኔቱ ቅባት ከጥብጣቡ እየተላጠ መሆኑ ታየ። ያን ካሴት ደግሞ ማጫወት አይቻልም። በእጃችን የቀረውም ያ የተዛባ ቅጂ ብቻ ሆነ።

በማግሥቱ ላፕቶፑና መለወጫው ተይዘው መገናኛ አካባቢ ወዳለ አንድ ጥገና ቤት ተሄደ። ባለሙያው ወጣት ነው። ቅጂውን ለጥቂት ሰከንድ እንደ ሰማ፣ «ጋሼ፣ ይሄ የሳምፕል ሬት አለመግባባት ነው፤ ሦስቱም ቦታ አንድ ዓይነት ነው ወይ?» ብሎ ጠየቀ። ሦስቱ ቦታዎች መለወጫው ራሱ፣ የላፕቶፑ የድምፅ ማስተካከያና የመቅረጫው ፕሮግራም ነበሩ። ፕሮግራሙ 44,100 ይላል። መለወጫው ግን ቀደም ብሎ የተከፈተ የርቀት ስብሰባ ፕሮግራም ወደ 48,000 ከወሰደው በኋላ በዚያው ቀርቶ ነበር። መለወጫው በሰከንድ 48,000 ቁጥር እየላከ፣ ፕሮግራሙ የመጣለትን ሁሉ «በሰከንድ 44,100» የሚል ምልክት እየለጠፈበት አስቀመጠው። 48,000 ለ44,100 ሲካፈል 1.088 ይሆናል፤ 32 ደቂቃም ለ29 ደቂቃ ከ24 ሰከንድ ሲካፈል ያው 1.088 ነው። ምርመራው በዚህ ተጠናቀቀ።

አሁን ወደ መመሪያው እንመለስ። ባለሙያው «ሦስቱ ቦታ» ያላቸው በመመሪያው ውስጥም ይገኛሉ። ሆኖም ስለ ፕሮግራሙ በሚናገረው ገጽ ቁጥሩ «የናሙና መጠን»፣ ስለ ላፕቶፑ በሚናገረው ገጽ «የናሙና ፍጥነት»፣ ስለ መለወጫው በሚናገረው ገጽ ደግሞ «ድግግሞሽ» ተብሏል። የችግሩ ሁሉ ምንጭ በሦስት ቦታ የተጻፈ አንድ ቁጥር አለመስማማቱ ነው። ሦስቱ ስሞች የአንድ ነገር ስሞች መሆናቸውን ያላወቀ አንባቢ ሦስቱን ማስማማት እንዳለበት ከየት ሊያውቅ ይችላል?

2. ነገሩ ራሱ

ስያሜውን ከመተቸት በፊት የሚሰየመውን ነገር መግለጽ ያስፈልጋል። ድምፅ የማይቋረጥ ሞገድ ነው። ኮምፒውተር ደግሞ የሚያውቀው ቁጥርን ብቻ ነው። ስለዚህ መለወጫው የሞገዱን ከፍታ በእኩል የጊዜ ርቀት እየለካ፣ እያንዳንዱን ልኬት በቁጥር ይመዘግባል። እያንዳንዱ ልኬት ናሙና ይባላል። እህል ገዢ ከጆንያው አንድ እፍኝ ዘግኖ ስለ ጆንያው ሁሉ እንደሚፈርድ ሁሉ፣ እዚህም ከሞገዱ ላይ ነጥብ በነጥብ እየተወሰደ ሙሉው ሞገድ መልሶ ይገነባል። ቃሉ ለዚህ አገልግሎት ተስማሚ ስለ ሆነ በ«ናሙና» ላይ ነቀፌታ የለንም።

ናሙናው በሰከንድ ስንት ጊዜ መወሰድ አለበት? ናይክዊስት እ.ኤ.አ. በ1928፣ ሻነን ደግሞ በ1949 ባቀረቧቸው ጥናቶች የተመሠረተው ሕግ፣ የናሙናው ብዛት በድምፁ ውስጥ ካለው ከፍተኛ ድግግሞሽ እጥፍ መብለጥ እንዳለበት ይደነግጋል። የሰው ጆሮ እስከ 20,000 ኸርዝ ገደማ ስለሚሰማ ከ40,000 በላይ ያስፈልጋል። ፊሊፕስና ሶኒ እ.ኤ.አ. በ1980 ለሲዲ የወሰኑት 44,100 ከዚህ ትንሽ ከፍ ያለው፣ በጊዜው ዲጂታል ድምፅ የሚቀረጽበት የቪዲዮ ጥብጣብ ስለ ነበረ ነው። በአንዱ መስመር ላይ 3 ናሙና፣ በአንዱ መስክ 245 መስመር፣ በሰከንድ 60 መስክ ሲባዙ 44,100 ይሰጣሉ። 48,000 ደግሞ በፊልምና በቴሌቪዥን ሥራ የተለመደ ሆነ። ከጥገና ቤት እስከ ጥናት ክፍል ሰውን የሚያደናግረው ጠብ የእነዚህ የሁለት ቤተሰቦች ጠብ ነው።

16 እና 24 የሚሉት ቁጥሮች ከዚህ ሁሉ የተለየ ነገር ያመለክታሉ። እነርሱ የሚናገሩት ናሙናው በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደ ተወሰደ ሳይሆን፣ አንዱ ናሙና በስንት ቢት እንደ ተጻፈ ነው። አንዱ የመለኪያውን ጊዜ፣ ሌላው የመለኪያውን ረቂቅነት ይመለከታል። ወጣቱ ረዳት 24ን ወደ 16 ሲያወርድ የጠፋው ጥቂት ነው፤ የካሴት ድምፅ በ16 ቢት በቂ ቦታ ያገኛል። ሆኖም ችግሩን አልነካውም።

3. የሦስቱ ስያሜዎች ትችት

«የናሙና መጠን» የሚለው ከሦስቱ እጅግ የተስፋፋውና እጅግ የሚያሳስተው ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ጋዜጦቻችን «የወለድ መጠን»፣ «የሞት መጠን»፣ «የዋጋ ግሽበት መጠን» ማለትን ስለ ለመዱ፣ ተርጓሚው «ሬት» የሚለውን ቃል ባየ ቁጥር እጁ ወደ «መጠን» ይሄዳል። በእነዚያ አገላለጾች ውስጥ ስሕተቱ አይጎላም፤ ከጎኑ «በመቶ» የሚል ቃል ስላለ አንባቢው ምጥጥኑን ይገነዘባል። በድምፅ ሙያ ግን «መጠን» አስቀድሞ የተያዘ ቃል ነው። «የድምፅ መጠን» ያልነው እንደ ሆነ ማንኛውም የሬዲዮ አድማጭ የሚገምተው የድምፁን መጉላትና ማነስ ነው። «የፋይሉ መጠን» ያልነው እንደ ሆነ የሚገመተው በማከማቻው ውስጥ የሚይዘው ስፍራ ነው። ከዚህም በላይ «የናሙና መጠን» የሚለው ጥምረት በስታቲስቲክስ ሙሉ ባለቤት አለው። በዩኒቨርሲቲዎቻችን የሚቀርብ ማንኛውም የመመረቂያ ጽሑፍ በጥናት ዘዴ ምዕራፉ ውስጥ «የናሙና መጠን» ሲል ለጥናቱ የተመረጡትን ሰዎች ቁጥር ያመለክታል። ያ ስያሜ ትክክለኛ ነው፤ ብዛትን ይናገራል። ያንኑ ቃል ለሌላ ነገር መስጠት ሁለት ሙያዎችን በአንድ ጊዜ ማወክ ነው።

«የናሙና ፍጥነት» ከዚህ ይሻላል፤ ቢያንስ ጊዜ መኖሩን ይጠቁማል። ነገር ግን በሁለት በኩል ያሰናክላል። አንደኛ፣ ብዙ የማጫወቻ ፕሮግራሞች «የማጫወቻ ፍጥነት» የሚል ሌላ ማስተካከያ ስላላቸው፣ ድምፁ የተጎተተበት ሰው በቅድሚያ የሚነካው ያንን ነው። ይህም ጉዳቱን ይሸፍነዋል እንጂ አያርመውም። ሁለተኛ፣ ፍጥነት በልማዳችን ሲበዛ የሚመሰገን ነገር ነው። የበይነ መረብ ፍጥነት፣ የመኪና ፍጥነት እንዲሁ ነው የሚታሰበው። በዚህ ሳቢያ ብዙዎች 192,000 የሚለውን ምርጫ ሲያዩ «ይህ የተሻለ መሆን አለበት» ብለው ይመርጡታል፤ መለወጫቸው ያን የማይችል ሲሆን ደግሞ ድምፅ ይጠፋባቸዋል። ለዚህ ቁጥር መብዛት ማዕረግ አይደለም። ዋናው ነገር መስማማት ነው።

«ድግግሞሽ» በፊዚክስ ትምህርት የተመሰገነ ቃል ነው፤ ችግሩም ከዚያ ይመነጫል። በድምፅ ጥናት ድግግሞሽ ያልነው የሞገዱን የራሱን ጠባይ ነው። የአንድ ሰው ድምፅ 160 ኸርዝ ነው ስንል ድግግሞሹን መናገራችን ነው። የናሙናውም ቁጥር በኸርዝ የሚጻፍ በመሆኑ ሁለቱ በአንድ ገጽ ላይ ሲገናኙ አንባቢው የቱ የድምፁ፣ የቱ የመሣሪያው እንደ ሆነ መለየት ያቅተዋል። ከላይ የጠቀስነውን የናይክዊስትና የሻነን ሕግ «ድግግሞሹ ከድግግሞሹ እጥፍ ይብለጥ» ብሎ የሚጽፍ ሰው ምን እንደ ጻፈ ራሱም አይረዳውም።

በዚህ አጋጣሚ ከጉዳዩ ጋር የተያያዘ አንድ ሌላ ስሕተት ማንሳት ያስፈልጋል። መመሪያው የድምፁን መወፈር «ድምፁ ዝቅ ይላል» ሲል ገልጾታል። በአማርኛ ዝቅ ያለ ድምፅ ማለት በቀስታ የተነገረ ድምፅ ነው። ለዚህ ባሕርይ ቋንቋው ቀጭንና ወፍራም የሚሉ ሁለት የተመቻቹ ቃላት አሉት፤ ልጅም አዋቂም ያውቃቸዋል። እነርሱን ትቶ የባዕዱን ከፍታና ዝቅታ መገልበጥ አንባቢውን እንደገና ወደ ድምፅ መጠን ማስተካከያው ይሰደዋል።

4. «ቀይር» የሚለው ግሥ

ከስሙ የባሰ ጉዳት ሊያደርስ የነበረው ግሡ ነው። መመሪያው የተዛባ ቅጂን ለማዳን «የናሙና መጠኑን ወደ 48,000 ቀይር» ይላል። በፕሮግራሞቹ ውስጥ ግን «መቀየር» ሊባሉ የሚችሉ ሁለት ፈጽሞ የተለያዩ ሥራዎች አሉ።

የመጀመሪያው በቅጂው ላይ የተለጠፈውን ምልክት ብቻ ማረም ነው። ናሙናዎቹ ሁሉ በቦታቸው አሉ፤ የተሳሳተው በሰከንድ ስንት እንደ ሆኑ የሚናገረው ጽሑፍ ነው። 44,100 የሚለው ተፍቆ 48,000 ሲባል ቅጂው ወደ 29 ደቂቃ ከ24 ሰከንድ ይመለሳል፤ የአዛውንቱም ድምፅ ይቀጥናል። ሁለተኛው ሥራ አዳዲስ ናሙናዎችን በስሌት መፍጠር ነው። ኮምፒውተሩ የተሰጠው ምልክት ትክክል ነው ብሎ ስለሚያምን፣ የተዛባውን የ32 ደቂቃ ድምፅ እንዳለ ይዞ በአዲስ ቁጥር ይጽፈዋል። ምልክቱ 48,000 ይላል፤ ድምፁ ግን ወፍራም እንደ ሆነ ይቀራል። ከዚህ በኋላ ምልክቱን ያየ ሰው ሁሉ ቅጂው ትክክል ነው ብሎ ይቀበለዋል። ስሕተቱ ከነማስረጃው ይቀበራል።

ለቋንቋ ጥናት ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በእውነት 147 ሚሊሰከንድ የቆየ ጥብቅ ተነባቢ በተዛባው ቅጂ 160 ሆኖ ይለካል፤ 160 ኸርዝ የነበረው ድምፅ 147 ይሆናል። በእርግጥ ሁሉም በአንድነት ስለሚለጠጥ፣ በ«አለ» (ተናገረ) እና በ«አለ» (ይገኛል) መካከል ያለው የመላላትና የመጥበቅ ንጽጽር አይጠፋም። ይሁን እንጂ ይህን ቅጂ ከሌላ ተናጋሪ ቅጂ ጋር የሚያነጻጽር ሰው፣ ገበሬው ቀስ ብለው የሚናገሩ ወፍራም ድምፅ ያላቸው ሰው ነበሩ ብሎ መጻፉ አይቀርም። ማሽኑ የፈጠረው ነገር የሰውዬው ጠባይ ሆኖ ይመዘገባል።

5. ስለ ብድር ቃልና ስለ ምጣኔ

እዚህ ላይ አንድ ሐቅ በግልጽ መነገር አለበት። ችግሩን የፈታው ወጣት «ሳምፕል ሬት» የሚለውን የብድር ቃል ይጠቀም ነበር። በመገናኛ፣ በቦሌ መድኃኔዓለምም ሆነ በሌሎች ጥገና ቤቶች ቃሉ አንድ ነው፤ የሚያመለክተውም አንድ ነገር ነው። በእጁ አንድ ቃል ስለ ነበረው «ሦስቱም ቦታ አንድ ዓይነት ነው ወይ?» ብሎ ለመጠየቅ ቻለ። የእኛ መመሪያ ሦስት የአማርኛ ቃላት ስለ ነበሩት ጥያቄውን ማንሳት እንኳ አልቻለም። አንድ ትርጉም ያለው የብድር ቃል ሦስት ትርጉም ካለው የአገር ቃል ይበልጣል። ይህን መቀበል ለስያሜ ሠራተኛ መራራ ቢሆንም ሥራችን የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ታዲያ ብድሩን ተቀብለን እንለፍ? ይህ ጸሐፊ እንዲህ አያስብም። ብድሩ የሚጠቅመው አስቀድሞ ለሚያውቀው ነው። «ሬት» የሚለው ድምፅ ለአማርኛ አንባቢ ከመራራው ተክል በቀር የሚያስታውሰው ነገር የለም፤ ጊዜንም ሆነ ምጥጥንን አይነግረውም። ቋንቋው ግን ለዚህ ጽንሰ ሐሳብ የተዘጋጀ ሥር አለው። መጠነ የሚለው ግሥ ይህን ያህሉን ለዚህ ያህሉ ማመጣጠን ማለት ነው። ሴቶቻችን ምጥን ሽሮ ሲያዘጋጁ ለይህን ያህል አተር ይህን ያህል ቅመም ብለው ይመጥናሉ። ሽሮው ቢበዛ ቅመሙም አብሮ ይበዛል፤ ምጣኔው ግን አይለወጥም። የምንፈልገው ጽንሰ ሐሳብ ይኸው ነው። ቅጂው አንድ ደቂቃ ቢሆን አንድ ሰዓት፣ በየሰከንዱ የሚገባው ናሙና ያው ነው።

ስለ ሆነም «የናሙና ምጣኔ» የሚለው ስያሜ እንዲጸና እናሳስባለን። «ምጣኔ ሀብት»ና «የቤተሰብ ምጣኔ» በሚሉት ውስጥ ቃሉ ሌላ ሥራ ይሠራል የሚል ተቃውሞ ሊነሳ ይችላል። ነገር ግን እነዚህ በድምፅ ማስተካከያ ገጽ ላይ ከናሙና ጋር የማይገናኙ በመሆናቸው አንባቢን አያሳስቱም። «መጠን» የሚነቀፈው ብዙ ትርጉም ስላለው ብቻ አይደለም፤ ትርጉሞቹ ሁሉ በአንድ ገጽ ላይ ስለሚገናኙ ነው።

አንድ ቃል ብቻውን ግን አይቆምም፤ ቤተሰቡ አብሮ መሰየም አለበት። የናሙና ምጣኔ በአንድ ሰከንድ የሚወሰድ የናሙና ብዛት ይሁን። የናሙና ጥልቀት አንዱ ናሙና የሚጻፍበት የቢት ብዛት ይሁን። የናሙና መጠን ለስታቲስቲክስ፣ የድምፅ መጠን ለመጉላትና ለማነስ፣ ድግግሞሽ ለሞገዱ፣ ፍጥነት ለማጫወቻው ይተውላቸው። ከግሦቹም ምልክቱን ብቻ ለሚነካው ሥራ «ምጣኔን ማረም»፣ አዳዲስ ቁጥሮችን ለሚፈጥረው «ናሙናን እንደገና ማስላት» ይባል። «መለወጥ» የመሣሪያው፣ የመለወጫው ሥራ ሆኖ ይቅር። በተጨማሪም ምጣኔው በተጻፈ ቁጥር «ናሙና በሰከንድ» የሚለው መለኪያ ከቁጥሩ ጋር አብሮ ይጻፍ። 48,000 ብቻውን ቆሞ ሲታይ ምንም አይናገርም፤ «48,000 ናሙና በሰከንድ» ሲባል ግን ራሱን ይተረጉማል።

የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ጥናትና ምርምር ማዕከል የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላትን ያወጣው በ1989 ዓ.ም. ነው፤ የመጀመሪያው የዩኤስቢ ደረጃ የወጣው ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ በጥር 1988 ዓ.ም. ነበር። ስለዚህ ያ መጽሐፍ ይህን መሣሪያ ይዳኝ ዘንድ አይጠበቅም። ከዚያ ወዲህ የመጣውን ግን ተርጓሚዎች እያንዳንዳቸው በየጠረጴዛቸው ሰይመውታል፤ ስሞቹም ሳይተያዩ በአንድ መመሪያ ውስጥ ተገናኝተዋል። መመሪያ የሚተረጉም ሰው ቢያንስ ይህን ያድርግ፦ ሥራውን ከመፈጸሙ በፊት መሣሪያውን ይሰካ፤ በራሱ ትርጉም ብቻ እየተመራ ሦስቱን ቁጥሮች ፈልጎ ያስማማ። ይህን ማድረግ ካልቻለ ጉድለቱ በመሣሪያው ሳይሆን በትርጉሙ ነው።

የሁለተኛው ካሴት ቅጂ ምጣኔው ታርሞ፣ ናሙናው ሳይነካ ድኗል። አዛውንቱ ዛሬ በራሳቸው ቀጭን ድምፅ ሞፈርና ቀንበር ይላሉ።